በድምፅ ሥራ መተዳደር፦ ከጎንደር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በጎንደር ከተማ ማስታወቂያ፣ የጥናታዊ ፊልም ትረካና የስልክ መልእክት እያነበብኩ ስተዳደር ዓመታት ስለተቆጠሩ፣ ወደ ሙያው ለመግባት የሚያስቡ ሰዎች የሚከብዳቸውን እንዲጠይቁኝ ጋብዤ ነበር። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አጣምሬያለሁ።

«አንድ ደንበኛ በቃል ቁጥር እከፍልሃለሁ አለኝ። ልስማማ?» (ከአራዳ)

አይስማሙ። በቃል ቁጥር መተመን በደቂቃ 150 ቃላት ገደማ ከሚያነቡት የእንግሊዝኛ ተራኪዎች የመጣ ልማድ ነው። የአማርኛ ግስ ባለቤቱንና ተሳቢውን፣ አሉታውንና ምክንያቱን በአንድነት ስለሚሸከም፣ «ስላልነገሩን» የሚለውን አንድ ቃላችንን እንግሊዝኛ በአምስት ቃል ነው የሚገልጸው። በዚህ ሒሳብ የሚጎዳው አንባቢው በመሆኑ፣ ዋጋዎን ተስተካክሎ ባለቀው ቅጂ ርዝመት፣ በደቂቃ ያስሉ። ለረጅም ትረካም፣ ያለቀ የአንድ ሰዓት ቅጂ ንባቡን፣ መልሶ ማዳመጡንና እርማቱን ጨምሮ እስከ ስድስት ሰዓት ሥራ ሊወስድ እንደሚችል አስቀድመው ያስቡ።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ለንባቡ የሚከፈለውንና ለአጠቃቀሙ የሚከፈለውን መለየት ነው። ደንበኛው ገንዘቡን የሚሰጠው ለስንት ጊዜ፣ በየትኛው መገናኛ ብዙኃንና በየትኛው አካባቢ ለማሰማት እንደሆነ ካልተጻፈ፣ ለዘለዓለም የገዛው ይመስለዋል። እኔ ራሴ ለአንድ ድርጅት የበዓል ሰሞን ማስታወቂያ በቃል ስምምነት ብቻ አንብቤ ነበር። ሁለት ዓመት አልፎ፣ በሐምሌ ዝናብ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ የገዛ ድምፄ በሬዲዮ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲለኝ ሰማሁት። ባለቤቱን ባነጋግረው «ከፍዬህ የለም እንዴ?» አለኝ፤ በእጄ ወረቀት ስላልነበረ የምመልሰው አጣሁ። ይባስ ብሎ የእርሱ ተፎካካሪ «አንተማ የእነርሱ ድምፅ ነህ» ብሎ ሌላ ሥራ ከለከለኝ። ስለዚህ የምጽፈው ውል ጊዜ፣ ቦታና መገናኛ ብዙኃን ይጠቅሳል፤ ለተፎካካሪ እንዳላነብ የሚፈልግ ደንበኛም ለዚያ ለብቻው ይከፍላል። ቀብድ ሳልቀበል ማይክሮፎን አልከፍትም። የእኔን ስህተት ያለ ክፍያ አርማለሁ፤ ጽሑፉ ከተቀየረ ግን እንደ አዲስ ሥራ ይቆጠራል።

«ሕጉስ ምን ይላል?»

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ከተደረገበት ማሻሻያ ጋር፣ ከደራሲው በተጨማሪ «ከዋኝ» ብሎ የሚጠራውን፣ ሥራን በማንበብ፣ በመዝፈን ወይም በመተወን የሚያቀርበውን ባለሙያም ይጠብቃል፤ የከዋኙ የኢኮኖሚ መብት ለ50 ዓመታት ይቆያል። የሥነ ጽሑፍ ሥራን የሚተርክ ሰው ከዚህ ጥበቃ ጋር በቀላሉ ይገናኛል። የሠላሳ ሴኮንድ የሳሙና ማስታወቂያ ክዋኔ ነው ወይ የሚለው ግን ክርክር ሊያስነሳ የሚችል በመሆኑ፣ በእኔ አስተያየት ሕጉን ተማምኖ ውሉን መተው አያዋጣም።

«የንግድ ፈቃድ ሳላወጣ መሥራት እችላለሁ?»

ትልልቅ ድርጅቶች ያለ ደረሰኝ አይከፍሉም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረትም፣ ክፍያ ላይ ግብር ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ ያለበት ከፋይ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካላቀረበ ሰው 30 በመቶ ይቀንሳል። ቁጥሩን ማውጣት ከዚህ ይቀላል።

«ቤቴ ማራኪ ክፍለ ከተማ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ምን ዓይነት ማይክሮፎን ልግዛ?»

ከማይክሮፎኑ በፊት ክፍሉን ያስቡ። ኮንደንሰር ማይክሮፎን ረቂቅ ድምፅ ስለሚለቅም የጎረቤትን ዶሮና የባጃጅን ሞተር ሁሉ ያስገባል፤ ባልታፈነ ክፍል ውስጥ በአብዛኛው የቅርብን ድምፅ የሚይዘው ዳይናሚክ ማይክሮፎን ይሻላል። ፍራሽና ወፍራም ብርድ ልብስ በግድግዳው ላይ መስቀል፣ ወይም ልብስ በሞላበት ቁም ሣጥን ፊት ማንበብ የገደል ማሚቶውን ይቀንሳል። የአማዞን የድምፅ መጻሕፍት መድረክ የሆነው ኤሲኤክስ፣ የክፍሉ ጫጫታ በመቅጃው መለኪያ ከዜሮ በታች 60 ዴሲቤል ወይም ከዚያም ያነሰ እንዲሆን ይጠይቃል፤ በክረምት ዝናብ ከቆርቆሮ ሥር ይህ የማይታሰብ ነው። እኔ ከሰኔ እስከ መስከረም የምቀዳው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ከዚያም የመብራቱ ነገር አለ። ለቪዲዮ የሚውል ሥራ በ48 ኪሎ ኸርዝ የናሙና መጠን (በመቅጃ ፕሮግራሙ ላይ የሚመረጥ ቁጥር ነው) ይቅዱ።

«ዲያቆን ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርቴ ይጠቅመኛል?»

በጣም ይጠቅምዎታል፤ የሚጠቅምዎት ግን ከዜማው ይልቅ ንባቡ ነው። ዜማ ትንፋሽን ያሠለጥናል፤ ሆኖም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ድምፅን የማዜም ልማድ ስለሚያስከትል ማስታወቂያውን ስብከት ያስመስለዋል። በንባብ ቤት ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ እየተባለ ቃሉ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ የተማረ ጆሮ ግን በአማርኛውም አይዘናጋም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ደግሞ ያልደረሰ ነገር። እኔ ጽሑፍ ሲሰጠኝ የሚጠብቁትን ፊደላት በእርሳስ ነጥብ ሳላደርግ አላነብም።

«የጎንደር አነጋገሬን ልተው? አዲስ አበባ መሄድስ የግድ ነው?»

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የውጭ ተከታታይ ፊልሞችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ራሱን የቻለ እንጀራ ሆኗል፤ ይህ ሥራ ያለው አዲስ አበባ ነው። ማስታወቂያና ትረካ ግን ከቤት ተቀድቶ ይላካል። አነጋገርዎን አይተዉ፤ ገጸ ባሕሪው ጎንደሬ ሲሆን የሚፈለገው እርስዎ ነዎት።

«በመኪና ላይ በሞንታርቦ ለሚዞር ቅስቀሳ ማንበብ ያዋርዳል?»

አያዋርድም፤ ጉሮሮን ግን ያደክማል። በቀጥታ ከመጮህ ይልቅ ቀድተው ይስጧቸው።

«የቢራ ማስታወቂያ ቀርቶ የለ? ገበያው አልሞተም?»

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ የቢራ ፋብሪካ ባለባት ከተማችን ጉዳቱ ተሰምቶናል። አሁን ብዙውን ሥራ የማገኘው ከባንክ፣ ከትምህርት ቤትና ከግብረ ሰናይ ድርጅቶች ነው።

«ኮምፒዩተር ሥራችንን አይወስድም?»

የተወሰነውን ወስዷል። ማይክሮሶፍት «መቅደስ» እና «አምሃ» ብሎ የሰየማቸው የአማርኛ ድምፆች ጽሑፍ ያነባሉ፤ ለአጭር የስልክ መልእክት በቂ ናቸው። የሚያሰጋኝ እንዲህ ያሉ ድምፆችን የሚሠሩ ሰዎች የእኛኑ ድምፅ ሳያስፈቅዱ አስመስለው መሥራታቸው ነው። በውልዎ ላይ «ይህ ቅጂ ሰው ሠራሽ ድምፅ ለማሠልጠኛ አይውልም» የሚል ዓረፍተ ነገር ያስገቡ። እርስ በርስ የማይገናኙ፣ ምንም ዕቃ የማያስተዋውቁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓረፍተ ነገሮች እንዲያነቡ የሚያዝዝ ደንበኛ ከመጣም፣ ለዚሁ ማሠልጠኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋጋ ከመጥራትዎ በፊት ለምን እንደሚፈልጋቸው በጽሑፍ እንዲመልስልዎ ይጠይቁት።