«ልብ አንጠልጣይ ካልሆነ እንቅልፌ ይመጣል»፦ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ጋር ጥያቄና መልስ

የንባብ ማኅበራችን በየወሩ አንድ አባል ወንበር ላይ ያስቀምጥና በጥያቄ ያፋጥጠዋል። የዚህ ወር ተረኛ እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት አሮጌ መጽሐፍ ሸጫለሁ፤ ከዚያ በፊት በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ መጽሐፍ አከራይ ነበርኩ። «ሁሌ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው የማነበው፣ እንዴት ልውጣበት?» የሚለው ርዕስ ለእኔ የተሰጠው ለዚሁ ይመስለኛል። ጥያቄዎቹ ገሚሱ በስብሰባችን ላይ በወረቀት የቀረቡ፣ ገሚሱ ሩቅ ያሉ አባላት በስልክ የላኳቸው ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ጨፍልቄያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከስለላና ከወንጀል ልብ ወለድ ውጪ አይሆንልኝም። ሰው «ቁም ነገር አንብብ» እያለ ሌላ መጽሐፍ ያስይዘኛል፤ ሃያ ገጽ ሳልደርስ እንቅልፌ ይመጣል። ችግሩ እኔ ነኝ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሐዋሳ)

ችግሩ «ቁም ነገር አንብብ» ያለህ ሰውዬ ነው። በደርግ ጊዜ ማሞ ውድነህ የተረጎማቸው የስለላና የጦርነት መጻሕፍት ስንቱን ሰው አንባቢ እንዳደረጉት እኔ ምስክር ነኝ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የገቡት በዚያ በር ነው።

አሁን ግን ልጠይቅህ። ከስለላ መጽሐፍ የምትወደው ሽጉጡን ነው? አይመስለኝም። አንድ ሰው በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ወገን ሳይኖረው ከአጣብቂኝ እንዴት እንደሚወጣ ማየት ነው እጅህን የሚይዘው። እንግዲያው የፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያምን ግለ ታሪክ ያዝ። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ሩሲያ ሄደው፣ እዚያው አድገው፣ የመድፍ ትምህርት ተምረው፣ አገራቸው ሲመለሱ ለገዛ ወገናቸው እንግዳ የሆኑ ሰው ናቸው። ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ጣልያን ሊወረን ሲል ጄኔቭ ላይ የመንግሥታት ማኅበር ፊት የቆሙልን እሳቸው ናቸው። ፈተና እንዳለብህ ተማሪ ዓመተ ምሕረት እየለቀምክ አታንብበው። «ይኼ ልጅ አሁን እንዴት ሊወጣው ነው?» እያልክ ገጽ ግለጥ፣ ልክ እንደ ስለላው።

ለሌሎቻችሁም መልሴ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የለመዳችሁትን ዘርፍ እርም በሉ አልልም። ከዘርፉ ውስጥ ልባችሁን የሚወስደው ምን እንደሆነ ለዩና፣ ያ ነገር ሌላ የት እንዳለ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ልብ ወለድ የተፈጠረ ወሬ ስለሆነ ጊዜዬን አላባክንበትም። ልጆቼ «አባባ ግትር ነህ» ይሉኛል። ምን ትላለህ? (ደብረ ማርቆስ)

መምህር፣ ግትር ብዬ አልደፍርዎትም። ግን ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አለማንበብ፣ ግሼን ደጃፍ ተቀምጦ መስቀል አለመሳለም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የዚያው የጎጃም ሰው ናቸው፤ ታሪኩም የእርስዎው አገር ነው።

በእርስዎ ቋንቋ ልናገር። የተማሪዎቹ «መሬት ላራሹ» ሰልፍ የካቲት 1957 ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958። ሰልፉን ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩት ኖረዋል። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ፊታውራሪ መሸሻ በገዛ ገበሬዎቻቸው ላይ ሲዘምቱ ምን እንደገጠማቸው፣ ገበሬውስ ምን እያለ ምን ፈርቶ እንደተነሳ ግን መዝገብ ቤት ሄደው አያገኙትም። እርሳስ ይዘው ያንብቡት። «ይኼ ማዕረግ በዚያ ዘመን ነበረ? ይኼ ግብር እንዲህ ነው የሚከፈለው?» እያሉ ኅዳጉ ላይ ይሟገቱት። እንደርስዎ ያለ አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ መጽሐፉን ሊያርም ገዝቶ፣ ሰብለ ወንጌል ጋ ሲደርስ እርሳሱን የት እንደጣለው አያውቅም።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሥራም አለኝ። ረጅም ልብ ወለድ ነበር ነፍሴ፤ አሁን የጀመርኩት ሦስት ወር ይቀመጣል። (አዳማ)

እህቴ፣ ወደ ወግ ተሻገሪ። የመስፍን ሀብተማርያምን «የቡና ቤት ሥዕሎች» ፈልጊ። አቦሉ ሲቀዳ የጀመርሽውን አንዱን ወግ ቶናው ሳይደርስ ትጨርሺዋለሽ። ከልብ ወለድ የምትወጂው ሰዎቹን ከሆነ፣ ወግ ውስጥም ሰው ሞልቷል፤ ሦስት ገጽ ቆይቶ ይሄዳል እንጂ።

ጥያቄ፦ የትርጉም መጽሐፍ ስጀምር አማርኛው ይቆረቁረኛል። የውጭ ሥነ ጽሑፍ እንዲሁ አልፎኝ ሊቀር ነው? (ባሕር ዳር)

ይቆረቁራል እኮ! አብዛኛው ይቆረቁራል፣ ጥርስሽ አይደለም። የእኔ መፈተኛ ይኼ ነው፦ ሁለት ሰው የሚነጋገርበትን ገጽ ፈልጊና ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው። «ያንን በማድረጌ ደስተኝነት ይሰማኛል» የሚል ጎረቤት ካለሽ ግዢው። ከሌለሽ መልሺው።

የሚጥመውን ካገኘሽ ግን አትልቀቂ። ነቢይ መኮንን የተረጎመውን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ለብዙ ሰው ሰጥቼ ያልወደደው የለም (መጽሐፉን የመለሰልኝም የለም)። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የተጻፈ፣ በእንግሊዝኛው ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነ ታሪክ ነው። ነቢይ የተረጎመው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ነው። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ብርማ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። አንድ ፓኮ ክፈቱና ያችን ወረቀት አውጥታችሁ ዘርጓት። ከመዳፍ ብትበልጥ ትንሽ ነው። ጀርባዋ ነጭ ነው፣ ስስ ነው፣ እስክሪብቶ ጫን ካላችሁበት ይቀደዳል። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የሚጽፍ ሰው የማይጠቅም ቃል አያስገባም። አማርኛው የማይቆረቁረው በዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጥበት አላውቅም። ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ነው የማነበው፣ እሱም የፍቅር ታሪክ ብቻ ነው። (ሪያድ)

የኔ እህት፣ ከስልክሽ ላይ ጆሮሽን ጨምሪበት። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሰምቶ አልቅሷል፤ ቅጂው ዛሬም በስልክ ይገኛል። ፍቅር ከወደድሽ ፍቅር አለበት። ግን በጆሮ ሲሆን ገጽ መዝለል የለም። ሲነበብ «ይኼ የመሬት ክርክር ምን ያደርግልኛል» ብለሽ የምታልፊውን ልብስ እየተኮስሽ ትሰሚዋለሽ፤ በሦስተኛው ቀን ከፍቅሩ ይልቅ የክርክሩ ነገር ያሳስብሻል። አንዱን ጆሮሽን ግን ለቤቱ ተይው፣ ልብሱ እንዳያርር።

በስልክ ስለሚዞሩት የተኮረጁ መጻሕፍት የጠየቃችሁኝም አላችሁ። አብዛኛው ደራሲው ሳያውቅ የወጣ ነው፤ የሠራበትን ያሳጣዋል። መግዣ በሌለበት ያለን ሰው ግን አፌን ሞልቼ አልወቅስም። ለእረፍት ስትመጪ በጣም የወደድሽውን አንዱን ገዝተሽ ሻንጣ ውስጥ ክተቺው።

ጥያቄ፦ የስኬትና የሥነ ልቦና መጻሕፍት ብቻ ነው የማነበው። ሦስት ዓመት ሆነኝ። (አዲስ አበባ)

ተሳካ? ይቅርታ፣ አላስቻለኝም።

የምትፈልገው «ለምን አልበለጽግም?» ለሚለው መልስ ከሆነ፣ ይህንኑ ጥያቄ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአገር የጠየቀ ሰው አለ። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የምትባለውን መጽሐፍ ጽፈው ሞቱ፤ የታተመችው እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ነው። የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ስለነበሩ ምን እንደሚወጣ ምን እንደሚገባ በዓይናቸው ያውቃሉ። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የፋብሪካ ዕቃ የሚገዛ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በገበያው ላይ ለምን እንደሚከስር ይነግሩሃል። መቶ ዓመት አልፎታል፤ ዘንድሮ የተጻፈ እየመሰለህ ትናደዳለህ። አማርኛው የድሮ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያስቸግርሃል፤ ለመድኩት የምትልበት ገጽ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ግጥም አይገባኝም። (ሦስት ሰው ጠይቋል)

በዓይን ብቻ ስለምታነቡት ነው። በጣታችሁ ቁጠሩት። የተለመደው የግጥም ስልት፣ የወል ቤት የሚባለው፣ ስድስት ቀለም (ስንናገር አንድ ላይ የሚወጣ የድምፅ ክፋይ) ብሎ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ከዚያ ስድስት ይደግማል። ይቺን የኔን ቀልድ ሞክሯት፦

መጽሐፍ አከራይቼ፣ ሳንቲም ለቃቅሜ፣
ጫማ አልገዛሁበት፣ አነበብኩት ቆሜ።

ስድስት፣ ስድስት። ጣታችሁ ከለመደ በኋላ የፀጋዬ ገብረመድኅንን «እሳት ወይ አበባ» ክፈቱ። እሳቸው ስምንት ስምንት ያደርጉታል፤ «የፀጋዬ ቤት» የሚባለው ነው። ሁለት ቀለም ብቻ ተጨምሮ ትንፋሻችሁ እንዴት እንደሚረዝም ታያላችሁ። ትርጉሙ ቆይቶ ይመጣል፣ አትጨነቁ። ቅኔ ሰምቶ ያን ጊዜውኑ የገባው ማን አለ?

ጥያቄ፦ የጀመርኩትን መጽሐፍ ሳልወደው መጨረስ አለብኝ?

የለብህም። ልጅ ሆነን መጽሐፍ የምናከራየው በቀን ሂሳብ ስለነበር ያልጣመውን ሰው ማታውኑ ይመልሰዋል፤ ማንም አያፍርም። ማፈር የመጣው መጽሐፍ ገዝተን መደርደር ስንጀምር ነው።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ አዟሪ ሲያጋጥመኝ ምን ብዬ ልጠይቀው? ሁሌ የምገዛው የማውቀውን ደራሲ ነው። (አዲስ አበባ)

«ምን አዲስ አለ?» አትበለው። አዲስ የወጣውን፣ የሚሸጠውን ያወጣልሃል፤ ሥራው ነው። አዟሪውን ልብ ብለህ እየው። ግራ ክንዱ ላይ ከመዳፉ እስከ አገጩ የተከመረ መጽሐፍ አለ፣ ጀርባቸው ወደ አንተ ዞሮ። ከላይ ያሉት ሦስት አራቱ የሳምንቱ ገበያ ናቸው። ከታች፣ ክንዱ ላይ ያረፉት፣ ወር ሙሉ ተሸክሟቸው የዞሩ ናቸው። «ከታች ያለው ምንድን ነው?» በለው። አንዳንዴ ማንም ስላልፈለገው ነው እዚያ ያለው፣ በእውነትም አይረባም። አንዳንዴ ግን የመኪና መካኒክ የጻፈው ግለ ታሪክ ይወጣል፣ ዋጋውም ይቀንስልሃል፤ ክንዱን ማቅለል ይፈልጋላ።

ሌላው፣ «አንተ ራስህ የምታነበው የቱን ነው?» በለው። አንዱን ልጅ ሜክሲኮ አካባቢ እንዲህ ብዬ ብጠይቀው ከክምሩ አላወጣም፤ ከኋላ ኪሱ የተጣጠፈ የቼዝ መጽሐፍ አወጣ። «ይኼ አይሸጥም» አለኝ። ያን ቀን ቼዝ ጀመርኩ፣ እስካሁንም እሸነፋለሁ።

ሲሰጥህ ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ አታንብብ። የመጀመሪያውን ገጽ ሁሉም ደራሲ አሳምሮ ነው የሚጽፈው። መሐሉን ገልጠህ አንድ ገጽ ቆመህ አንብብ። ሳይታወቅህ ወደ ቀጣዩ ከዞርክ፣ ገንዘብህን አውጣ።

ጥያቄ፦ በዚህ ዋጋ የማላውቀውን መጽሐፍ እንዴት ልሞክር?

አዲስ አበባ ያላችሁ ምክንያት የላችሁም። ከ1936 ጀምሮ ያለው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ አለ፤ አገር ውስጥ የታተመ መጽሐፍ ቅጂ እዚያ እንዲገባ ሕግ ያስገድዳል። አራት ኪሎ በኩል በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ክፍለ አገር ያላችሁ አራት ሆናችሁ ተሰባሰቡና ተለዋወጡ፤ ደንቡ አንድ ብቻ ይሁን፣ መጽሐፉን የሚመርጥልህ ሌላው ሰው ነው። እኛ ማኅበር ውስጥ በዚህ ደንብ ሁለት ሰው ተኳርፏል፣ አንዱ ግን ሃይማኖታዊ መጽሐፍ ብቻ ሲያነብ የኖረ ሰው ዛሬ የጉዞ ማስታወሻ ካልሆነ አይልም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እርስዎስ? ከመንገድዎ ያወጣዎት መጽሐፍ የትኛው ነው?

ስሙን ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ከአንድ ቤት በኪሎ ከገዛሁት ጥቅል ውስጥ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ወጣ፤ ስለ ንብ እርባታ። ሽፋን የሌለው አይሸጥምና ለመጠቅለያ ለይቼ አስቀመጥኩት። መብራት የጠፋ ማታ እጄ የገባው እሱ ሆነ፣ በሻማ ጀመርኩት። እኔ የቤተ መንግሥት ታሪክ ወዳጅ ነኝ፤ ማን ማንን ጣለ የሚለው ነው ነፍሴ። ቀፎ ውስጥ ንግሥት አለች፣ አልጋ ወራሽ የሚሆኑ ልጆች አሉ፣ አንዷ ቀድማ ከወጣች ሌሎቹን ገና ከክፍላቸው ሳይወጡ ነድፋ ትገድላለች። ወንዶቹን ንቦች፣ ድንጉላዎቹን፣ ሠራተኞቹ ሲመግቧቸው ከርመው፣ ቀለብ ሲያጥር ጎትተው ከደጅ ይጥሏቸዋል። ሻማው አለቀ፣ ሌላ ለኮስኩ።

የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል። የሚቆመው መንጋው ለሁለት ተከፍሎ አሮጊቷ ንግሥት ገሚሱን ይዛ ስትወጣ ላይ ነው። የኋለኛው ግማሽ ያለው፣ ወይም ርዕሱን የሚያውቅ ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ነኝ።