አይልትስ ሪዲንግና ራይቲንግ 6 ላይ ለቆመባት እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ነርስ ነሽ፣ ለእንግሊዝ የነርስ ምዝገባ አይልትስ አካዳሚክ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ተፈትነሽ ሪዲንግም (ንባቡም) ራይቲንግም (ጽሕፈቱም) 6 ላይ ቆመውብሻል። ሁለት ወር አለሽ፤ ኮርስ ልግባ ወይስ ቤቴ ልዘጋጅ ነው ያልሽው። እኔም ነርስ ነኝ፣ በዚሁ መንገድ ነው ያለፍኩት። ስለዚህ ፈተናው ምን እንደሆነ ከሀ ጀምሬ አልነግርሽም። የሚፈለግብሽ ሪዲንግ 7፣ ራይቲንግ 6.5 ነው። ሩቅ አይደለሽም።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ የሚሸመደድ ኤሴይ (ድርሰት) የሚያድል ኮርስ አትግቢ። ገንዘብሽን የጻፍሽውን አንብቦ ለሚያርምልሽ ሰው ክፈዪ።

1. ሪዲንግ። ከ40ው ጥያቄ 23 አካባቢ ስታገኚ 6 ነው፣ 30 አካባቢ ስታገኚ 7። የጎደለሽ ሰባት ጥያቄ ገደማ ነው ማለት ነው። ሰባቱን የት እንደምትጥያቸው ሳታውቂ ሌላ ፈተና እየደራረብሽ አትሥሪ። ካምብሪጅ ያሳተማቸውን የቀድሞ ፈተናዎች ያዢ፣ አንዱን በሰዓት ሥሪ፣ ከዚያ ስህተትሽን በየዓይነቱ ለዪው።

የኛ ሰው ብዙ የሚጥለው ትሩ፣ ፎልስ፣ ኖት ጊቭን (እውነት፣ ሐሰት፣ ጽሑፉ አልተናገረም) በሚባለው ጥያቄ ላይ ነው። የጤና ባለሙያ ደግሞ ይብስበታል። ጽሑፉ ስለ ክትባት ወይም ስለ እንቅልፍ ከሆነ ክፍል ውስጥ የተማርነው ይመጣብንና ከሱ ተነስተን እንመልሳለን። ፈተናው ግን ያንን አይጠይቅሽም፣ ጽሑፉ ምን አለ ነው የሚልሽ። ለምሳሌ ጽሑፉ «ቡና ከኢትዮጵያ ወደ የመን ተሻገረ» ይላል እንበል። ጥያቄው «ቡና ከየመን ወደ ኢትዮጵያ መጣ» ካለ ፎልስ ነው፣ ጽሑፉ ተቃራኒውን ተናግሯል። «ቡናውን ያሻገሩት ነጋዴዎች ናቸው» ካለ ግን ኖት ጊቭን ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉ ግን ማን እንዳሻገረው አልተናገረም፣ አለቀ። ይሄን አንዴ ከለየሽው ሦስት አራት ጥያቄ ታተርፊያለሽ።

ደግሞ እነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፉ ቅደም ተከተል ነው የሚመጡት። የአምስተኛው መልስ በአራተኛውና በስድስተኛው መካከል ከሌለ ኖት ጊቭን ብለሽ እለፊ፣ ፍለጋ ላይ ደቂቃሽን አትጨርሺ። ሦስተኛው ፓሴጅ (የንባብ ጽሑፍ) ከሁሉም ይከብዳል፣ ለሱ ሰዓት አስተርፊ። ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር፣ ስህተት ነጥብ አያስቀንስም። «ከሁለት ቃል ያልበለጠ» ካለ ሦስት ከጻፍሽ መልሱን ብታውቂውም አይሰጥሽም፤ ስፔሊንግም እንደዚያው። በወረቀት የምትፈተኚ ከሆነ ሊስኒንግ (የማዳመጥ ፈተናው) ላይ መልስ ለመገልበጥ የሚሰጠው 10 ደቂቃ ሪዲንግ ላይ የለም፣ ስለዚህ እየሠራሽ እዚያው መልስ ወረቀቱ ላይ ጻፊ።

2. ራይቲንግ። እዚህ ላይ ታገሺኝ፣ ያቃጠለኝ ነገር አለ።

አዲስ አበባ አንድ ማሰልጠኛ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። በርካታ ነርስና ላብራቶሪ ቴክኒሺያን በአንድ ክፍል ታጭቀን እንማር ነበር። አስተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት ፎቶኮፒ አደለን፤ መግቢያው ተጽፎ ያለቀ፣ የየፓራግራፉ መጀመሪያ ተጽፎ ያለቀ፣ መደምደሚያው ተጽፎ ያለቀ። እኛ የምንሞላው ክፍት ቦታውን ብቻ ነው። «ይሄን ሸምድዱ፣ ለየትኛውም ጥያቄ ይሆናል» አለን። ሙሉ ኮርሱን አንድም ሰው የጻፍኩትን አላነበበልኝም። ይታረምልኝ ብዬ ስሰጥ «ቀጣይ ሳምንት» ይሉኛል፣ ወረቀቱ በዚያው ይቀራል። የከፈልኩት የደሞዜን ስንት ወር ቁጠባ ነው!

ፈተናው ላይ የመጣው «በዚህ ሐሳብ ምን ያህል ትስማማለህ» የሚል ነበር። የተሰጠን ፎቶኮፒ ደግሞ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ ደርድሮ «ሁለቱም ጥቅም አላቸው» ብሎ የሚዘጋ ነው። የተጠየቅኩት አቋሜን፣ የተሰጠኝ ቅርጽ አቋም የሌለው። ውጤቱ ሲመጣ ሪዲንግ 7.5፣ ራይቲንግ 5.5። ከኛ ክፍል የተፈተኑትም ራይቲንጋቸው እዚያው አካባቢ ነበር። ይሄ የእንግሊዝኛ ችግር አይደለም። ራይቲንግ የሚታረመው በአራት መስፈርት ነው፦ ለጥያቄው መልስ መስጠትሽ፣ የሐሳብሽ ፍሰት፣ የቃላት አጠቃቀምሽና ሰዋስውሽ። አራቱም እኩል ነጥብ አላቸው። ፎቶኮፒው የመጀመሪያውን ገና ሳትጀምሪ ያስጥልሻል። ፈታኞቹ ደግሞ የተሸመደደ ዓረፍተ ነገር ሲያዩ ያውቁታል።

ማሰልጠኛው ሄጄ ስነግራቸው ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ተመላሽ የለም፣ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል» አለችኝ። ኃላፊው ወጥቶ «ሌሎች አልፈዋል እኮ፣ አንቺ ድጋሚ ይታይልኝ ብለሽ አመልክቺ» አለኝ። ለሱም ከፈልኩ፣ ውጤቱ ሳይቀየር ተመለሰ። አንቺ ይሄን እወቂ፦ የድጋሚ እርማት ጥያቄ ከፈተናው ቀን ጀምሮ በ6 ሳምንት ውስጥ ነው የሚቀርበው፣ ውጤቱ ከተቀየረ ገንዘቡ ይመለሳል። የሚያዋጣው ግን በደንብ የጻፍሽ ሆኖ ራይቲንግሽ ከሌሎቹ በጣም ወርዶ ሲመጣ ነው። ሸምድዶ ለጻፈ ሰው ገንዘብ መጨመር ነው።

ከዚያ ምን አደረግኩ? ሰፈራችን ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር አሉ፣ ጋሽዬ ነው የምንላቸው። ስለ አይልትስ ብዙም አያውቁም ነበር፣ መስፈርቱን አትሜ ሰጠኋቸው። እየጻፍኩ እወስድላቸዋለሁ፣ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልኛል፣ የታረመውን እንደገና እጽፈዋለሁ። ልብ በይ፣ አዲስ ርዕስ አይደለም፣ ያንኑ ኤሴይ እንደገና። ለውጡ የመጣው እዚያ ነው። መጀመሪያ ያሉኝ ነገር «ለምን ከአዳምና ከሔዋን ትጀምሪያለሽ?» ነው። እውነታቸውን ነው፣ እኛ ስንጽፍ «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ» ብለን ነው የምንገባው። ሁለት ዓረፍተ ነገር መግቢያ ይበቃል፦ ጥያቄው ምንድን ነው፣ የኔ አቋም ምንድን ነው። ከዚያ በየፓራግራፉ አንድ ሐሳብ፣ ከምሳሌው ጋር። እንደ አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን በኮማ እየቀጠልኩ ግማሽ ገጽ እሄድ ነበር፣ እሱንም አስቆረጡኝ። «ኤ» እና «ዘ» የሚገባበትን ለብቻ ምልክት እያደረጉ ሰጡኝ፤ የኔ ሰዋስው ነጥብ የሚፈሰው በዚያ ነበር። በመጨረሻ ራይቲንግ 7 አመጣሁ። ጋሽዬ ከኔ በላይ ነው የተደሰቱት፣ እኔም እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ።

ራይቲንግ ሁለት ጥያቄ አለው። ግራፍ የምትገልጪበትን ታስክ 1ን በ20 ደቂቃ ጨርሺ። ታስክ 2 ኤሴዩ ነው፣ እጥፍ ነጥብ አለው፣ 40ው ደቂቃ የሱ ነው። ግራፉ ላይ ትልቁን ለውጥ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጠቅልለሽ ግለጪ፣ ይሄ ከሌለ ከፍ ያለ ነጥብ አይሰጥም። ለምን እንደጨመረ ምክንያት አትፍጠሪ፣ አስተያየትም አትስጪ። ታስክ 1ን ከ150፣ ታስክ 2ን ከ250 ቃል በታች አትጻፊ። ኪቦርድ ላይ ፈጣን ከሆንሽ በኮምፒውተር ተፈተኚ፣ የቃል ብዛቱን እያየሽ ትጽፊያለሽ። በሁለት ጣት የምትፈልጊ ከሆነ በወረቀት የሚሰጥ ካገኘሽ እሱ ይሻልሻል።

ቴሌግራም ላይ «የዚህ ሳምንት ፈተና ወጥቷል» እያሉ የሚሸጡትን እንዳታምኚያቸው፣ ጓደኛዬን በልተዋታል።

ስትመዘገቢ ስምሽን ልክ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ጻፊ፣ የአያትሽንም ጨምሮ። ዲግሪሽ ላይ በሌላ ስፔሊንግ ከሆነ ከአሁኑ አስተካክዪው፣ እሱ ከፈተናው በላይ ያመላልሳል። የሚያርምልሽ ሰው ካጣሽ አንድ ታስክ 2 በሰዓት ጽፈሽ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። የሌሊት ተረኛ ካልሆንኩ በማግስቱ አርሜ እመልስልሻለሁ።