«ካት» የሚል ሰው ያላገኘች ተዋናይት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ካሜራ ፊት መቆም ለምትመኙት ነው። እኔ ዕድሜዬን በሜካፕ ሥራ ነው የጨረስኩት። መጀመሪያ ቴአትር ቤት፣ በኋላ ፊልም ላይ ሠርቻለሁ። ተዋናይን ወደ ቀረጻ የምሸኘው እኔ ነኝ፤ ሲጨርስም የምቀበለው እኔው ነኝ። ሰው ከቀረጻ ምን ሆኖ እንደሚመለስ ስለማውቅ የኢዲ ሴጅዊክ ነገር ከልቤ አይወጣም።

ኢዲ አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1943 በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ ተወለደች። ከስምንት ልጆች ሰባተኛዋ ስትሆን፣ ቤተሰቧ ስመ ጥርና ባለ ሰፊ የከብት እርባታ ነበር። ከውጭ ላየው ምንም የጎደለ አይመስልም። እሷ ግን ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ገብታለች። በ1964 አንድ ወንድሟ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቱን አጠፋ። በ1965 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሌላው ወንድሟ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። ሐዘኑ ሳይወጣላት፣ ወራት ሳይቆይ ኒውዮርክ ውስጥ ከሠዓሊው አንዲ ዋርሆል ጋር ተገናኘች።

ዋርሆል በ47ኛው መንገድ ላይ «ፋክተሪ» የሚባል ስቱዲዮ ነበረው። ግድግዳው በሙሉ በፎይልና በብርማ ቀለም ተሸፍኗል። ሠዓሊው፣ ሙዚቀኛው፣ ሀብታሙ፣ ቤት የሌለው፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛል። የሚሠሩት ፊልሞች ከመደበኛው ሲኒማ ቤት ውጭ የሚታዩ፣ «አንደርግራውንድ» የሚባሉት ናቸው። ስቱዲዮ ኩባንያ የለም፣ በጀት የለም፣ ደመወዝም የለም። ብዙ ጊዜ ስክሪፕትም የለም። ካሜራው በእግሩ ይቆማል፣ ይከፈታል፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይሄዳል። መሃል ላይ «ካት»፣ ማለትም «አቁሙ» የሚል ሰው የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛ ሥራ የሚኖረው «ካት» ከተባለ በኋላ ነው። ዳይሬክተሩ ሲያቆም እኔ ሮጬ እገባለሁ። ላብ እጠርጋለሁ፣ ውሃ አቀብላለሁ፣ ዓይኗን አያለሁ። ያቺ አንድ ደቂቃ ተዋናይዋን ወደ ራሷ ትመልሳታለች። ኢዲ ያቺን ደቂቃ አላገኘችም።

በ1965 ከሠሯቸው ፊልሞች በአንዱ ኢዲን በራሷ ክፍል ውስጥ እናያታለን። የመጀመሪያው የፊልም ጥቅል ፎከሱ ስቶ ብዥ ብሏል፤ ዋርሆል ግን አልጣለውም፣ እንዲያው አስገባው። ሁለተኛው ጥቅል ላይ ምስሉ ይጠራል። ታጨሳለች፣ በስልክ ታወራለች፣ ትኳኳላለች፣ ልብስ ትቀያይራለች። ከአያቷ የወረሰችውን ገንዘብ እንዴት እንደጨረሰችው ትናገራለች። እኔ የማየው እጇን ነው። ዓይኗን ስትኳል እጇ ሥራውን የለመደ፣ ፈጣን ነው። ግን የማንን ፊት ነው የምትሠራው? የምትጫወተው ገጸ ባሕርይ የለም። ሐምሌትን የተጫወተ ሰው ማታ ሐምሌትን አውልቆ ቤቱ ይገባል። እሷ የምታወልቀው አልነበራትም።

በሌላ ፊልም ደግሞ አልጋ ላይ ከአንድ ወጣት ጋር ተቀምጣለች። ከካሜራው ውጭ ያለ ሰው በጥያቄ ያጣድፋታል። ስለ ግል ሕይወቷ እየጠየቀ ይነካካታል፣ ያበሽቃታል። መጀመሪያ ትስቃለች። ቀስ በቀስ ፊቷ ይለወጣል። በመጨረሻ ትዕግሥቷ ያልቅና የሲጋራ መተርኮሻ አንስታ ትወረውርበታለች። ብዙ ሰው ይህን ትወና ብሎ ያደንቃል። እኔ አልችልም። ደህና ዳይሬክተር ቢሆን ገና ፊቷ ሲለወጥ ያቆም ነበር።

በዚያው ዓመት ቮግና ላይፍ መጽሔቶች አወጧት። አጭር ብርማ ጸጉሯን፣ ጥቁር ታይቷን፣ ትልልቅ የጆሮ ጌጧን የከተማው ልጆች መኮረጅ ያዙ። ከፋክተሪ ሰዎች ጋር ሬስቶራንት ሲገቡ ግን ብዙ ጊዜ የሁሉንም ሂሳብ የምትከፍለው እሷ ነበረች። በዚያ ዘመን ኒውዮርክ ውስጥ «ቫይታሚን» እያሉ አምፌታሚን የሚባል ሱስ አስያዥ አነቃቂ መድኃኒት የሚወጉ ሐኪሞች ነበሩ። ሱሱ ያዛት። በ1966 ከዋርሆል ጋር ተለያዩ። ቆይቶም ያረፈችበት የቸልሲ ሆቴል ክፍል በእሳት ተያይዞ እጇ ተቃጠለ። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። በዙሪያዋ የሚልሰው በዛ።

የመጨረሻ ፊልሟ በ1967 ተጀምሮ፣ ተቋርጦ፣ በ1971 ነው ቀረጻው ያለቀው። አሁን ገጸ ባሕርይ ተሰጣት፤ ስሟ ሱዛን ነው። ታሪኩ ግን የራሷ ነው። ድምፅዋ፣ ትዝታዋ፣ ሱሷ ሁሉ ገባበት። የኤሌክትሪክ ሕክምና ስትወስድ የሚያሳይ ትዕይንት ሳይቀር አለው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አገባች። ኅዳር 16 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. ጠዋት ባሏ ሲነቃ አጠገቡ ሞታ አገኛት። የወሰደችው የእንቅልፍ መድኃኒት ነው የገደላት። ዕድሜዋ 28 ነበር።

ሁሉም ጥፋት የዋርሆል ነው አልላችሁም። ቁስሉን ከቤቷ ይዛው ነው የመጣችው። ያለ እሱ ዛሬ ስሟን ማን ያነሳው ነበር የሚሉም አሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የቆሰለ ሰው ካሜራ ላይ ያምራል፤ ዓይን ይስባል። ይህን የሚያውቅ ዳይሬክተር ድርብ ኃላፊነት አለበት። የሞያው ወግ ይህ ነው፣ በዚህ አልደራደርም።

ስለ ሩቅ አገር የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌሊት ቲክቶክ ላይቭ ላይ የቤተሰብ ጉድ እያወሩ የሚያለቅሱ ልጆችን አያለሁ። ጊፍት ይዘንባል። «ቀጥይ፣ ቀጥይ» ይላል ተመልካቹ። ስልኩ ሲዘጋ ያቺ ልጅ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ናት። እንቅልፍ ይነሳኛል።

እና ልጆቼ፣ ስክሪፕት ሳታነቡ እሺ አትበሉ። «ዝም ብለሽ ራስሽን ሁኚ» ካሏችሁ ስለ የትኛው የሕይወታችሁ ክፍል እንደማታወሩ አስቀድማችሁ ንገሩ። ክፍያውም፣ የማትሠሩት ትዕይንትም ውል ላይ ይጻፍ። «እንተዋወቅ የለም እንዴ፣ ውል ምን ያደርጋል» የሚል ፕሮዲውሰር ብዙ ነው። የምትተዋወቁ ከሆነ መጻፉ አይከብደውም።

ከባድ የለቅሶ ትዕይንት ከሠራችሁ ወዲያው ታክሲ ውስጥ አትግቡ። እኔ ተዋናይዋን አስቀምጬ ሜካፑን በጥጥ ቀስ እያልኩ አነሳለሁ። በገጸ ባሕርይዋ ስም ሳይሆን በራሷ ስም እጠራታለሁ። ምሳ በላሽ ወይ፣ እናትሽ ደህና ናቸው ወይ እላለሁ። ሜካፕ ባለሙያ በሌለበት ሥራ ይህን የሚያደርግ ሰው ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ እህት፣ ጓደኛ፣ ማንም ይሁን። ሰው ይዞ መምጣት ክልክል ነው ካሏችሁ ያ ሥራ ይቅርባችሁ።