ፔዳሉ ቀስ እያለ ሲሰምጥ

ጠያቂው ከቢቸና ጤፍ ጭኖ በኤን ፒ አር አይሱዙ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሹፌር ነው። እንዲህ ይላል፦ «ጠዋት ስነሳ ፍሬኑ ደህና ነው። ደጀንን አልፌ አባይ በረሃን ስወርድ ፔዳሉ ይለሰልሳል፤ ሁለት ሦስቴ ስረግጠው ይመለሳል። ቆሜ እግሬን ሳሳርፍበት ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሄዳል። የማስተሩን ጎሚኒ አስቀይሬ፣ አየሩንም አስወጥቼ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ። ዘይቱ አልጎደለም።»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ይህ ሳይሠራ ጭነት ይዘህ አባይ በረሃ አትግባ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። የጤፉ ባለቤት ሁለት ቀን ቢቆጣ ይቆጣ።

የነገርከኝ ሁለት በሽታ ይመስለኛል። አንድ ላይ ስለመጡ ነው ያደናገሩህ።

ቁልቁለት ላይ የሚለሰልሰው የሙቀት ነገር ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። ውሃ ሲጠጣ ግን የሚፈላበት ነጥብ ወደ 140 ይወርዳል። ከጎማው ጋር የሚዞረው ታምቡር ሲግል ሙቀቱ ወደ ጎማ ሲሊንደሩ ያልፋል፤ ውሃው ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እግርህ ስር የሚለሰልሰው እሱ ነው። ሲቀዘቅዝ ስለሚጠፋ ጋራዥ ስትደርስ «ምንም የለውም» ትባላለህ። ዘይቱ ከተቀየረ ሁለት ዓመት ካለፈው ሙሉ በሙሉ አስቀይረው። ታምቡሩን እየተጫነ የሚያቆመው ሸራ ከታምቡሩ ርቆም ከሆነ ፔዳሉ ወርዶ ነው የሚይዘው፤ ታምቡር ሲግል ስለሚሰፋ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ሸራውንም አስጠጋው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ቆመህ የሚሰምጠው ነው። እንዲህ ፈትነው። ሞተሩን አጥፋ። እግርህን የሚያግዘው ሰርቮ ውስጥ የቀረው ኃይል እንዲያልቅ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጥ። ከዚያ እግርህን አሳርፈህ አንድ ደቂቃ ያዝ። በኃይል አትጫን፣ ለዘብ አድርገህ ያዘው። ማስተሩ ስትረግጥ ዘይቱን የሚገፋው ሲሊንደር ነው፤ ጎሚኒው ደግሞ ውስጡ ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ላስቲክ። የተበላ ጎሚኒ በኃይል ሲረገጥ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና ደህና ይመስላል፤ ለዘብ ሲባል ነው የሚያሳልፈው። ቀስ እያለ ከወረደ፣ ዘይቱም ካልጎደለ፣ ማስተሩ ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው ማለት ነው። ፔዳሉን እንደያዝክ ሞተር ስታስነሳ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ግን ጤነኛ ነው፤ ሰርቮው ሥራውን ጀመረ ማለት ነው። በእሱ አትደንግጥ።

እርግጠኛ ለመሆን ከማስተሩ የሚወጡትን ቱቦዎች አስፈታ። ቀዳዳዎቹን ጥርሱ ልክ በሆነ ብሎን ድፈን፤ ውስጡ አየር እንዳይቀር። አሁን ስትረግጥ እንደ ድንጋይ ከቆመ ማስተሩ ነፃ ነው፤ ችግሩን ከላስቲክ ቱቦዎቹና ከጎማዎቹ ፈልገው። አሁንም ከሰመጠ ሌላ ቦታ አትድከም።

እንደዚያ ከሆነ ማስተሩን አስፈትተህ ራስህ እየው። ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገህ በትንሿ ጣትህ ጥፍር ዳብሰው። እንደ መስታወት መንሸራተት አለበት። ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎሚኒ ቢገባበትም ይበላዋል። ያንተን በሳምንት የመለሰው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጎሚኒ ብቻ መቀየር ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግድግዳው ከተበላ ግን ሙሉ ማስተር ግዛ።

ሌላም አለ። አየር ስናስወጣ ረዳቱን «እስከ መጨረሻው ርገጥ!» እንለዋለን። ማስተሩ አሮጌ ከሆነ ይህ ጥፋት ነው። ጎሚኒው በየቀኑ ደርሶበት ወደማያውቅ ቦታ ይሄዳል፤ እዚያ የተጠራቀመው ዝገትና ቆሻሻ ይቆርጠዋል። ፔዳሉ ስር እንጨት አስገባ፣ ወለሉ ድረስ እንዳይደርስ።

ልጅ ሆኜ ሥራ ስለምድ አንድ መኪና መጣ፤ ፔዳሉ አንዴ ይሰምጣል፣ አንዴ ይደነድናል። ማስተሩን ስንፈታ ጎሚኒው አብጦ እንደ ረጠበ ባቄላ ሆኗል። ለካ ዘይት ሲጎድል የሞተር ዘይት ጨምረውበታል። ማስተሩን፣ የጎማ ሲሊንደሮቹን፣ ቱቦውን፣ ላስቲክ ያለበትን ሁሉ ቀየርን። እባክህ የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳን እዚያ አታስገባ።

ታምቡሩ ሲፈታ የጎማ ሲሊንደሮቹን የአቧራ መከላከያ ላስቲክ በካቻቪቴ ጫፍ ቀስ ብለህ ግለጥ። ደረቅ አቧራ ከሆነ ደህና ነው። ርጥብ ከሆነ ሲሊንደሩ ያፈሳል። የፍሬን ዘይት ይሁን ከዲፈረንሻል የመጣ ዘይት ካልለየህ በጣትህ አሽተህ ውሃ አፍስስበት። የፍሬን ዘይት ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ የዲፈረንሻሉ አይለቅም። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ቀይረው።

አየሩን ማስወጣት ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምር፣ የመኪናው መመሪያ ሌላ ካላለ። የወጣውን ዘይት መልሰህ አትጨምር። ማስተሩ ላይ ያለው የዘይት ዕቃ ባዶ ከሆነ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል።

ሲያልቅ ያንን የአንድ ደቂቃ ፈተና ድገመው። ከያዘ መጀመሪያ ባዶ መኪና ይዘህ ከቢቸና ደጀን ድረስ ንዳ። ቆመህ የእጅህን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ታምቡር አስጠጋ፤ ሳትነካ ሙቀቱን አነጻጽር። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ሸራው አልለቅ ብሏል፤ መልሰህ አስፈታው።