መልስ፦ «ኦከር» ቢጫ ነው ወይስ ቀይ?

ጠያቂያችን፣ ከሥዕል ዕቃ መሸጫ የገዟቸው ሁለት ቱቦዎች አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ቀይ ሆነው ሳለ ሁለቱም «ኦከር» መባላቸው ግራ እንዳጋባዎት ጽፈዋል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን በመነሻው ፈዛዛ ቢጫ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን በዋናነት የአፈሩ መጠሪያ ስለሆነ፣ በብረት ኦክሳይድ የቀለመ አፈር ቢጫም ይሁን ቀይ በዚሁ ስም ይጠራል።

ቢጫውን የሚሰጠው ጎታይት የተባለ፣ ውሃ ያዘለ የብረት ማዕድን ነው። ይህ ማዕድን ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ውሃው ይወጣና ወደ ሄማታይት ይለወጣል፤ ቢጫው አፈርም ቀይ ይሆናል። ሄማታይት የሚለው ስም ራሱ «ደም» ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

አፈሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ፣ ከ40 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ሰዎች የተጠቀሙበት በድምሩ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን 4,213 ቁራጭ ኦከር፣ ከመፍጫ ድንጋዮች ጋር ተገኝቷል። የሐመር ሴቶችም ቀዩን አፈር ከቅቤ ጋር ለውሰው ፀጉራቸውን እስከ ዛሬ ያስውቡበታል።

በአማርኛ ሲጽፉ «ቡናማ» ብለው ባይተረጉሙት እመርጣለሁ፤ ያ ቃል የተቆላ ቡናን መልክ ስለሚያስታውስ ከሁለቱም ቱቦዎችዎ ይርቃል። «ቢጫ አፈር» እና «ቀይ አፈር» ቢሏቸው ግን ቀለሙንም ምንጩንም በትክክል ይገልጻሉ።