መልስ፦ እናቴ እራት ብትቀንስ አንጀቷን ይሻላት ይሆን?

አብሽር ወንድሜ። ዕድሜ ሲገፋ የአንጀት መከላከያ ይላላል፤ የባክቴሪያ ርዝራዥ ወደ ደም ሾልኮ ሰውነትን ያስቆጣል። አይጦች ላይ ካሎሪ ሲቀነስ ላክቶባሲለስ የሚባሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በዝተዋል፣ መሾለኩም ቀንሷል። ካሌሪ (CALERIE) የተባለው፣ በሰው ላይ የተሠራው የ2 ዓመት ካሎሪ የመቀነስ ጥናት ግን ዕድሜያቸው ከ50 ያላለፈ ጤነኞችን ነው የያዘው። ስለዚህ ደሴ ላሉት እናታችን እንዳለ መውሰድ ይከብደኛል።

በሳቸው ዕድሜ ዝም ብሎ መቀነስ ጡንቻ ያከሳል፣ አደራ! ይልቅ ከሦስቱም የቡና ስኒ ስኳሩን፣ ከወጡም ዘይቱን ቀንሱላቸው። ምስሩና ሽሮው አይነካ፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች የሚመገቡት ፋይበሩን ነው። ጥርሳቸው ቆሎ ካልቻለ በሶ በጥብጡላቸው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሀኪማቸውን ሳያማክሩ እራት እንዳይዘሉ፤ ስኳራቸው ሌሊት ድንገት ሊወርድ ይችላል።