ወፍ ዘራሹን አደይ ግቢ ውስጥ ማቆየት

ጥያቄ፦ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። መስከረም ሲጠባ አጥራችን ሥር አደይ አበባ ቢጫ ምንጣፍ ይመስል ነበር። ማንም ተክሎት አያውቅም። አሁን ኮተቤ ትንሽ ግቢ አለኝ። አምና በመስከረም ከእንጦጦ ያበበ አደይ ከነሥሩ ነቅዬ ተከልኩ፤ በሦስተኛው ቀን ጠወለገ። አትክልተኛዬ «አደይ የዱር ነው፣ ቤት አይወድም» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አደይ ቤት ይወዳል። የማይወደው አበባ ይዞ መነቀልን ነው። የአንድ ክረምት ተክል ነው፤ በሰኔ ዝናብ ይበቅላል፣ መስከረም ላይ ያብባል፣ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። እርስዎ ሲነቅሉት የቀረው ዕድሜ ጥቂት ሳምንት ነበር። ሥሩ ከተበጠሰ ሌላ ለማውጣት ጊዜ የለውም። ከእንጦጦ መምጣት የነበረበት ዘሩ ነው።

ለዘሩ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይሂዱ። ያኔ ቢጫውን አያገኙትም። ግንዱ ቡኒ ሆኗል፤ አበባው በነበረበት ላይ ቀጫጭን ጥቁር ዘሮች ተጠጋግተው ቆመዋል። በጣትዎ ሲነኩት ዝርግፍ ካለ ደርሷል። እምቢ ካለ ይተዉት፣ ገና ነው። ከአንድ ቦታ ሁሉንም አይልቀሙ። ዘሩን በወረቀት ጠቅልለው ደረቅ ቦታ ያኑሩት፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ፀሐይ የሚያገኘውን መሬት በመኮትኮቻ ጫር ጫር ያድርጉና ይበትኑት። በመዳፍዎ ጫን ማለት ይበቃል፣ አይቅበሩት። ፍግም አያብዙበት። ቅጠሉ ይፋፋና በነሐሴ ዝናብ ይጋደማል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው አረሙ ነው። ሁለት ዓመት ለፍቼ አጥሬ ሥር የያዘልኝ አደይ ነበር። ሐምሌ ላይ ለለቅሶ አገር ቤት ሄጄ ስመለስ መሬቱ ተላጭቶ ጠበቀኝ። የቀጠርኩት ልጅ አረም መስሎት አንድ ሳያስቀር ነቅሎታል። በጣም አዘንኩ፤ በልጁ ግን አልፈረድኩም። የአደይ ቡቃያ ቁርጥ ጭጎጊትን ነው፣ ያንን ቀሚስ ላይ የሚለጠፈውን። ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ባይደንስ ከሚባለው ወገን ናቸው። መጀመሪያ ጠባብና ረዘም ያሉ ሁለት ቅጠሎች ብቅ ይላሉ። ከዚያ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የሆነ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ እያሉ ፊት ለፊት ይወጣሉ። በዚያ ዕድሜያቸው እኔም አልለያቸውም። አሁን ዘር የበተንኩበትን ቦታ በአራት ችካል ሲባጎ እወጥርበታለሁ፤ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ማንም እጁን አያስገባም። ጭጎጊቱ ሲያብብ ራሱን ያጋልጣል፤ አበባው ትንሽ ናት፣ መሃሏ ቢጫ፣ ዙሪያዋ ጥቂት ነጭ ወይም ጭራሽ ባዶ። ዘር ሳይዝ ያኔ ይንቀሉት።

ለእንቁጣጣሽ ልጆቹ ይቁረጡ፣ ቤቱም ይድመቅ። ሲሶው ግን ሳይነካ ይቁም። ጥቅምት ላይ ሲደርቅ ግቢው የተጎሳቆለ ይመስላል፣ ጎረቤትም «ምነው አታስጠርጊውም?» ይላል። እባክዎ ይታገሱ። የመጪው መስከረም አበባ ያ ጭራሮ ላይ ነው ያለው። ኮስሞስ ካለዎት ለእሱም እንዲሁ ያድርጉ፤ እሱም ዘሩን ራሱ ይበትናል።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጥቂት ብቻ ቢወጣ ተስፋ አይቁረጡ። በሁለተኛው ዓመት ይበዛል፣ ቦታም ይመርጣል። የኔ ዘንድሮ ከውኃ ታንከሩ ሥርና ከኮብልስቶኑ ስንጥቅ ወጥቷል። እዚያ አልዘራሁም። ስለዚህ ግቢውን ሙሉ በሙሉ ሊሾ እንዳያስደርጉት።

የደብረ ብርሃኑ ቤት ዛሬም በቤተሰብ እጅ ከሆነ ደግሞ ለምን እንጦጦ ይሄዳሉ? ጥቅምት ሲያልቅ ዘመድ ጥየቃ ብለው ይሂዱና ከዚያው አጥር ሥር አንድ እፍኝ ይዘው ይምጡ።